እግሯ ላይ ሽቦ የነበረባት አንበሳ

እናንተ ልጆች እዚህ ሰበታ ተቀምጣችሁ «ሞቀን» ስትሉ ሳቄ ይመጣል። ሙቀት ማለት የግንቦት የአፋር በረሃ ነው። ያኔ እዚያ ሰፊ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ የዱር አራዊት ጠባቂ ነበርኩ። ዝናቡ ዘግይቶ ሳላዎቹ፣ እነዚያ ቀንደ ረጃጅም የበረሃ እንስሳት፣ ቀኑን ሙሉ እሾሃማ ግራር ሥር ጥላ ሲጋፉ ይውሉ ነበር።

ያን ቀን ለአደን ስንወጣ ለመግደል አልነበረም። ለሳላ የተጠመደ ሽቦ አንዲት ሴት አንበሳ የኋላ እግሯ ላይ ጠልቆባት ታነክስ ነበር። አስተኝተን ሽቦውን ልንቆርጥላት ነው። የእንስሳት ሐኪሟ የማደንዘዣ ጠመንጃዋን ይዛለች፤ ሾፌራችን ኦቦ ቶሎሳ፣ የተጂ ሰው፣ ፒንሳ ይዘዋል፤ መንገድ መሪያችን ሁመድ ነው፤ እኔ ክላሽ ይዤ ጥበቃ።

አፋር መንገድ ላይ ሰው ካገኘ ዝም ብሎ አያልፍም። ቆሞ ያየውንና የሰማውን አንድ በአንድ ይነግረዋል፣ የእሱንም ይሰማል፤ ዳጉ ይባላል። ጠዋት አንድ ግመል ጠባቂ ሽማግሌ እጁን ሲያነሳልን ሁመድ ሊወርድ በሩን ከፈተ።

«ደፊ! ደፊ! ፍጠን! ፀሐይዋ ሳትከር እንድረስ፤ ወሬው ስንመለስ ይደርሳል» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

«ዳጉ ጥሎ አይኬድም፣ አባባ» አለ ሁመድ።

ሐኪሟም ሙቀቱ ከበረታ መድኃኒቱ አንበሳዋን ሊገድላት ይችላል አለች። አለፍነው።

ዱካዋን ደረቁ ወንዝ ውስጥ አገኘነው። ሦስቱ እግር ጥርት ብሎ ታትሟል፣ አራተኛው አሸዋውን ጭሮ አልፏል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ነፋስ ጠርጎታል። ወንዙን ተከትለን ጥቂት እንደሄድን ቁጥቋጦ ሥር ተኝታ አየናት፤ ሆዷ ሙሉ ነው። አንካሳ እንዴት አድና በላች ብዬ ስገረም ሐኪሟ ተኮሰች።

መድኃኒቱ ሲይዛት ኦቦ ቶሎሳ ተንበርክከው ሥጋዋ ውስጥ የገባውን ሽቦ መቁረጥ ጀመሩ። ቀጭ ሲል ሰማሁ። ወዲያው ከጀርባቸው ሌላ ሴት አንበሳ ወጣች። አላገሳችም፤ ጆሮዋን አጥፋ ብቻ መጣች።

«አንተ!» አሉኝ ኦቦ ቶሎሳ፤ ስሜ ጠፋባቸው።

ወደ ሰማይ ተኮስኩ፤ አልቆመችም። ቀጥሎ እሷኑ መታኋት። ጫማቸው አጠገብ ወደቀች።

ተኩሱን ሰምቶ ሽማግሌው መጣ። የተናገረውን ሁመድ ተረጎመልን፦ «አንካሳዋን የምታበላት እህቷ ነበረች። ከአጠገቧ አትርቅም። ይህንኑ ልነግራችሁ ነበር።»

ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን በአሸዋ ያሹ ነበር።

አንካሳዋ ስትነቃ መኪና ውስጥ ሆነን አየናት። ተንገዳግዳ እህቷ ዘንድ ሄደች፣ ፊቷን ላሰቻት፣ አጠገቧ ተኛች። «እግሯ ይድናል» አለች ሐኪሟ። ዳነም። ግን ማነከሱ ስላልተዋት ብቻዋን አድና መብላት አልቻለችም፤ ክረምቱ ሳይገባ ሬሳዋን ሁመድ አገኘው።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ እጁን ላነሳልኝ ሰው ሁሉ እቆማለሁ፤ ወሬውንም እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። ከበረሃ የተማርኩት ይህን ነው።

ኦቦ ቶሎሳ ዛሬም ተጂ አሉ። ባገኙኝ ቁጥር «አንተ ባትኖር የልጅ ልጄን አላይም ነበር» እያሉ፣ በዚያ ዕድሜያቸው እጄን ይስማሉ። እውነታቸውን ነው፤ ዛሬም ቢሆን እተኩሳለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስታውም ሐዘኑም አልመጣም። እጄን ሰጥቻቸው እስኪጨርሱ ቆሜ እጠብቃለሁ።