የአጣቢዋ ዳቦ

እትዬ ዘሃራን አጥቤና ከፍኜ አሁን ቤቴ መግባቴ ነው። እጄን ደጋግሜ በሳሙና ባሸውም ሬሳ የሚታጠብበት የካፉሩ ሽታ አልለቅ አለ። የእናቴም እጅ እንዲህ ይሸት ነበር።

እናቴ በደብረ ታቦር የመስጊዳችን ጀመዓ ውስጥ የሟች ሴቶች አጣቢ ነበረች፤ ከሞተች ወዲህ ሥራው የእኔ ሆኗል። ሌሎቹ ሴቶች ለቅሶ ቤት ውኃ ይቀዳሉ፣ ወጥ ይሠራሉ። ሬሳ የሚነካ ግን ከእሷ በቀር አልነበረም። በሰባት ዓመቴ ለመውሊድ ትልቅ ዳቦ ጋግራ ይዛኝ ሄደች። እንደ ማንኛዋም ሴት አብራቸው ልትቀመጥ ጓጉታ ነበር። ዳቦውን ቆርሳ ስታዞር ሁሉም «ጠግበናል» አሏት። እትዬ ዘሃራ ደግሞ፣ «አንቺዬ፣ እጅሽ በተራችን ይደርሰን የለ? ምን ያስቸኩልሻል!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እናቴም አብራ ሳቀች።

ዳቦውን ተሸክመን ስንመለስ፣ «ለምን አልበሉልንም?» አልኳት።

«ሲሞቱ አይጸየፉኝም» አለችኝ። ያኔ አልገባኝም።

ዛሬ የእትዬ ዘሃራ ጀናዛ ለቀብር እንደ ወጣ ሴቶቹ «አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ፣ የእናትሽ ልጅ!» እያሉ መረቁኝ። ከዚያ በየትሪው ዙሪያ ተሰብስበው መብላት ጀመሩ። ለእኔ ለብቻዬ በትንሽ ሳህን አቀረቡልኝ።