የአጎቴ ሸምሱ የጨርቅ ክንፍ

ቡታጅራ ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ እኩዮቼ የጅብና የጦጣ ተረት ሲሰሙ እኔ ያደግሁት በአንድ የአውሮፕላን ፋብሪካ ታሪክ ነው። ተራኪው የእናቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ ሸምሱ ነበር፤ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ጥገና ቤት የትናንሽ አውሮፕላኖችን የጨርቅ ክንፍ ሲሰፋ ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲደክም አገሩ የገባ ሰው።

ያኔ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ፍሙ አመድ መልበስ ሲጀምርና የኩራዙ ጭስ ወደ ጣሪያው ሲሳብ፣ ከውጭ አገር መካኒኮች የሰማውን ያወጋኝ ነበር፦ ሁለት ወንድማማቾች የእህል መጋዘን ውስጥ ስለሠሯትና ከአጥር በላይ መነሣት ስላቃታት የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ተቀይሞ ስለሄደው ወንድምና ብቻውን ስለቀጠለው፣ ፋብሪካው ሲቃጠል ንድፉን በብብታቸው ይዘው ስለወጡት ሠራተኞች፣ ባዶ የሽመና ቤት ተከራይተው እንደገና ስለመጀመራቸው። ጦርነት አለፈ፣ አውሮፕላን የሚገዛ ጠፋ፣ ባለቤት ተለዋወጠ፤ መርፌው ግን አልቆመም። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ፣ የፋብሪካውን ክንፍ የሚሰፉት ሴቶች በዳመና መሃል ተደርድረው ይታዩኝ ነበር።

ሰፈሩ አያምነውም። «ሸምሱ ደሞ አውሮፕላን ሰፋ!» እያለ ይስቅበታል። አንድ ቀን ልጆች በዚሁ ሲስቁ እኔም አብሬ ሳቅሁና «አጎቴ መቀባጠር ይወዳል» አልኩ። ዞር ስል ከኋላዬ ቆሟል። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ወጉ ቀረ፤ ራቱን በልቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት እንባዬ ይቀድመኛል።

ሦስት ሳምንት ሆነን። የአንበጣ መድኃኒት የሚረጭ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ዳመና አስገድዶት ከከተማው ዳር ግጦሹ ላይ አረፈ። ሽማግሌዎቹ ወጣቱን አብራሪ ምሳ ጋበዙት፤ «አውሮፕላኑም እንግዳ ነው፣ ፀሐይ አይብላው» ብለው ክንፎቹን በእንሰት ቅጠል አለበሷቸው። ክብር መስጠታቸው ነው። ከብቶች ደግሞ የእንሰት ቅጠል ሲያዩ አያልፉም። ከምሳ ሲመለሱ አንዱ ክንፍ በቀንድ ተዘንጥሎ ውስጡ ይታያል።

«ወላሂ፣ ለካ ጨርቅ ነው!» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

አጎቴ መርፌውን ይዞ መጣ። ጀምበር እስክትጠልቅ ሰፋ፣ በየጥቂት ስፌቱ እየቋጠረ። አብራሪው ስፌቱን በጣቱ እየጎተተ መረመረና «አባቴ፣ ይሄ የሠለጠነ እጅ ነው» አለው።

በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላኑ ሲነሣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አጎቴ ግን አላጨበጨበም። ያ የሰው ልጅ በእሱ ክር ተይዞ ነበር የሚበረው፤ ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ ከንፈሩ ዱዓ ያደርጋል። ከሰዓት በኋላ በሰላም መግባቱ በስልክ ሲሰማ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ያን ምሽት ወደ ፍሙ ጠጋ ብሎ «የት ላይ ነበር ያቆምነው?» አለኝ።

«ፋብሪካው የተቃጠለበት ላይ» አልኩ።

ፋብሪካው ዛሬም ትናንሽ አውሮፕላኖች ይሠራል ይባላል፤ ዕድሜው ከአጎቴ ዕድሜ በለጠ። ከታሪኩ ብዙውን ረስቻለሁ። ያልረሳሁት፣ እውነቱን አገር ሁሉ ካየለት በኋላ፣ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን «አላልኩሽም?» አለማለቱን ነው።