ሱፋችንን ያጠበልን ፍል ውሃ

የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ውርጭ ያልቀመሰ ሰው፣ የበግ ሱፍ በወንዝ ውሃ ማጠብ ምን እንደሆነ ቢነግሩትም አይገባውም። በደርግ ጊዜ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ በሚሠራ ማኅበር ውስጥ ነበርኩ። ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ እኛ ሴቶቹ እናጥባለን፣ እናባዝታለን፣ እንፈትላለን። ጠዋት በሬሳ ወደሚባለው ወንዝ ስንወርድ ዳር ዳሩ ስስ በረዶ ይዞ እናገኘዋለን። እጃችን ተሰነጣጥቆ ይደማል፤ የሱፉ ቅባት ግን ንቅንቅ አይልም። ውሃ እንዳናፈላ እንጨት ጠፍቷል፣ ኩበቱም ለየቤታችን ምድጃ አልበቃም።

አንድ ቀን የሸማኔዎቹ አለቃ አንድ እፍኝ ሱፍ ይዞ መጣና እፊታችን ጣለው።

«ይሄ እኮ ክር አይሆንም፤ እጅ ላይ ይጣበቃል። እንዲህ ከቀጠለ የእጥበቱን ክፍል ዘግተን የታጠበ ሱፍ ከሌላ ቦታ እናስመጣለን» አለን።

ከዚያ ሥራ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረንም። እኔ አባቴ ሞቶ እናቴን የማስተዳድር ነበርኩ። የቡድን መሪያችን ደግሞ ባሏ ዘምቶ ያልተመለሰላት፣ ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ነበረች።

መላው የመጣው ከገበያ ነው። ከአሊዩ አምባ በርበሬ ጭነው የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ፣ መሪያችን በርበሬ ስትገዛቸው እጇን አዩና ደነገጡ። የሆነውን ነገረቻቸው።

«ያ ረቢ! እኛ ዘንድ ቆላው ላይ ውሃው ራሱ ፈልቶ ይወጣል፤ እናንተ እዚህ በብርድ ታልቃላችሁ? በቅሎዎቼ ሲመለሱ ባዷቸውን ናቸው፤ ሱፋችሁን እጭንላችኋለሁ» አሏት።

አለቃው ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። «ሱፍ ለማጠብ ቆላ ድረስ!» አለ። መሪያችን ግን አልለቀቀችውም፤ አንዴ እንድንሞክር እስኪፈቅድ ድረስ በሄደበት ሁሉ ተከተለችው። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣንና አራት ሆነን ከሽማግሌው ጋር ተነሣን። አንኮበር ላይ ጋቢያችንን ተከናንበን አደርን። በማግስቱ ቁልቁለቱን ወርደን ስንጨርስ ጋቢው በቅሎ ላይ ነበር። አሊዩ አምባን አልፈን ወደ በረሃው ስንጠጋ ከጥቁር ድንጋይ ሥር እንፋሎት ሲወጣ አየሁ። ውሃው ይንተከተካል። እንጨት የማገደለት የለም፣ የጣደውም የለም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ውሃው ግን ባለቤት ነበረው። የአካባቢው ሰው የሚታጠበው፣ የታመመውንም የሚነክረው እዚያ ነው። አንዲት አዛውንት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ «የበግ ቅባታችሁን መድኃኒታችን ላይ ልታራግፉ መጣችሁ?» አሉን። ሽማግሌው አግባቡልን። ከመታጠቢያው በታች ባለው መውረጃ ብቻ ልንሠራ፣ ዓርብ ደግሞ እጃችንን ልንሰበስብ ተስማማን።

የመጀመሪያው ሙከራችን መከራ ሆነ። ከመታጠቢያው በታችም ውሃው ገና ያቃጥል ነበር። አንድ ቅርጫት ሱፍ ጨምረን በእንጨት ስናማስለው ተጨማዶ፣ ተቋጥሮ፣ እንደ ድንጋይ ደርቆ ወጣ።

ከዚያ ራቅ ብሎ በድንኳን የሰፈረ፣ የውሃውን ሙቀት እየለካ የሚመዘግብ ወጣት መሐንዲስ ነበር። ጭንቀታችንን አይቶ መጣ። እኔም ምን እንደሚሠራ ጠየቅሁት።

«ከመሬቱ ሥር ያለው እንፋሎት ኤሌክትሪክ ያመነጭ እንደሆነ እያጠናን ነው» አለ።

«ታዲያ መች ነው ደብረ ብርሃን የሚደርሰው?» አለች መሪያችን።

«እሱ ሩቅ ነው፣ እህቴ። ይሄ የምታዪው ፍንጣቂው ነው። ዋናውን ለማግኘት በጣም ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር አለበት፤ ተቆፍሮም ባዶ ሊሆን ይችላል። መቆፈሪያው የሚመጣው ከውጭ ነው፤ መንገዱን ደግሞ በእግራችሁ አይታችሁታል። ውሃው ውስጥ ያለው ጨውም እየጋገረ ቧንቧ ይደፍናል።»

«ይሄን ሁሉ እያወቅህ እዚህ ፀሐይ ላይ ምን ያስቀምጥሃል?»

ሳቅ አለ። «ዝናብ ቀረ ብሎ አይነጥፍም፤ እንጨት አይፈጅም። አንዴ ከተገኘ ሌት ተቀን አይቋረጥም። እንዴት ልተወው?»

ለእኛም ምክር ነበረው። ውሃውን በረጅም ቦይ እያንሸራሸርን እንድናበርደው፣ ቦዩም ጨው ሲጋግርበት እንዲጠረግ ክፍት እንዲሆን ነገረን። ቁፋሮ ጀመርን። ሥራችን የሚሳካ መስሎ ሲታያቸው፣ የተቆጡን አዛውንት ሁለት ሴት ልጆቻቸውን አስከትለው፣ ዶማ ይዘው መጡ። ቦዩ መጨረሻ ላይ በድንጋይ የታጠረ ኩሬ ሠራን። ውሃው ኩሬው ሲደርስ ለእጅ የሚመች ለብታ ብቻ ቀርቶት ነበር። እንዶድ ወቅጠን ጨመርንና ሱፉን ነከርን። ቅባቱ ቢጫ አረፋ ሆኖ ተንሳፈፈ፣ ፈስሶም ሄደ። መሪያችን አንድ እቅፍ ሱፍ አውጥታ ወደ ላይ ስታነሣው ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነበር። እልልታችንን ገደሉ አስተጋባው። አዛውንቷ በሁለት እጃቸው ዳሰሱትና «ማሻአላህ» አሉ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ አለቃው ጆንያውን ፈትቶ እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። ወዲያው ሸማኔዎቹን ሁሉ ጠራ። «ኑ! ሱፍ ማለት ይሄ ነው!» አለ። ስለ መዘጋት ዳግመኛ አልተነሣም። በየወሩ ጭነት ወረደ፤ የቆላዎቹ ሴቶችም ከእኛ እኩል የማኅበሩ አጣቢዎች ሆኑ። ከዚያ ሱፍ የተሠራው የመጀመሪያው ባና ሲዘረጋ ሁላችንም ሥራ አቁመን ከበብነው።

መሐንዲሱ ያጠናው ኤሌክትሪክ እኔ እዚያ በተመላለስኩበት ዘመን አልመጣም። እሱም ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ። ቢሆንም ምድር ውስጥ ያለው እሳት ለሰው መሥራት እንደሚችል በእጄ ስላየሁ፣ አንድ ቀን መምጣቱን ተጠራጥሬ አላውቅም።

በዓመቱ ክረምት ጎርፍ ቦያችንን ጠራርጎ እንደወሰደው ሰማን። መስከረም ላይ ዶማና አካፋ ጭነን፣ ከዜሮ ልንጀምር ልባችንን አጽንተን ወረድን። ስንደርስ ቦዩ በድንጋይ ተገንብቶ፣ ከድሮው ሰፍቶ፣ ውሃው እየተንፎለፎለ ይወርድበታል። አዛውንቷ ኩሬው ዳር ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆመዋል።

«ዘገያችሁ እኮ!» አሉን።