ዙሪያውን የላጥሁት ጥቁር እንጨት

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ጀግና የለበትም። ያለበት አንድ ዛፍና አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ ጥፋተኛዋም እኔው ነኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ብዕር ያስነሣኝ ባለፈው ሳምንት በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ የሆነ ትንሽ ነገር ነው።

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሥነ ሕይወት መምህራችን ከክፍል አውጥተው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለ ዛፍ ሥር አቆሙን። ቅርፊቱን በጥፍራቸው ጫር አድርገው፣ «ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥሩ የሚወርደው በዚህ በኩል ነው። ዙሪያውን ብትልጡት ዛፉ እንደ ቆመ በረሃብ ይሞታል» አሉ። ተማሪው ሁሉ ጻፈ። እኔ ደብተሬን ገልጬ ቀኑን ብቻ ጽፌ ቀረሁ። አጠገቤ የቆመችው ጓደኛዬ «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። ብርድ ነው አልኋት።

ነገሩ የሆነው ዘጠነኛ ክፍልን በጨረስሁበት ክረምት ነው። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት ወረድ ብሎ፣ በቆሎና በርበሬ ከሚበቅልበት ቀይ አፈር ላይ ነው። ሐምሌ ሲገባ በቆሎው ከሰው ቁመት ያልፍና ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም፤ ድምፅ ብቻ ይሰማል። በዚያ ሐምሌ ከቤታችን ይሰማ የነበረው የአባቴ ጩኸት ነው። ሽንት ማጥ ይዞት ነበር። ሕመሙ ፋታ ሲሰጠው ግን ቀልድ አያጣም፤ «በሬዎቼ ቆመው ሲሸኑ ሳይ እቀናለሁ። ሰው በበሬ ይቀናል?» ይል ነበር።

ከተማ ያለው ሐኪም ቤት ሽንቱን በቱቦ አፍስሰውለት፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋልና ባሕር ዳር ይሂድ አሉ። መንገዱ ግን ተዘግቶ ነበር። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል እየተባለ ሁለት ሳምንት አለፈ። እናቴ በመጨረሻ በቡሬ በኩል መድኃኒት ያውቃሉ ወደሚባሉ ሽማግሌ ሄደች። እንዲህ አሏት፦ «የጥቁር እንጨት ልጥ ቀቅለሽ አጠጪው። ወጣት ዛፍ አይሆንም፤ የብዙ ሰው ዕድሜ ያየ ይሁን። ፀሐይ ከምትወጣበት በኩል አንድ መዳፍ፣ ከምትገባበት በኩል አንድ መዳፍ። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ አይሠራም።»

ያን ያህል ያረጀ ጥቁር እንጨት በአገሩ የቀረው እናቴ በተወለደችበት ቀበሌ፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ብቻ ነበር። እናቴ አባቴን ጥላ መሄድ ስለማትችል እኔን ላከችኝ። ትንሽ ምሳርና ማዳበሪያ ከረጢት ያዝሁ፤ ለስንቅ የተቀቀለ ድንች በጨው ቋጠረችልኝ። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ጭቃው ጫማዬን ስለነጠቀኝ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሄድሁ።

ያ ደን ከሩቅ ሲያዩት በእርሻው መካከል የተቀመጠ ጥቁር ደመና ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ዝናቡ ቢያባራም ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚንጠባጠበው አያባራም። ዝግባዎቹ ጫፋቸው አይታይም። የወይራዎቹ ግንድ እንደ አሮጊት እጅ የተጠማዘዘ ነው፤ ሽበት የሚመስል፣ ሽበቶ የሚሉት የዛፍ ላይ በቀል ተንጠልጥሎባቸዋል። ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው አዩኝና ዝም አሉ። ያን ሁሉ ዘመን ያሳለፈ ነገር አጠገብ ስቆም እኔ ገና ያልተወለድሁ መሰለኝ።

የደኑ ጠባቂ አያ ይሁኔ ከጎጇቸው ወጥተው በዱላቸው አስቆሙኝ። ሚስትም ልጅም የሌላቸው ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ እዚያው አጥር ግቢ ነው የኖሩት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የእናኑ ነኝ።»

«የትኛዋ እናኑ? ያች ምንጭ በወረደች ቁጥር እንስራ የምትሰብረው?»

«እርሷው ናት።»

«እንግዲያ ምሳሩን ወዲያ አርቂልኝ» ብለው ሳቁ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ግን ሳቁ ጠፋ። «እዚህ ደን ያለ ቄሰ ገበዙ ፈቃድ ቅጠል አይበጠስም። እሳቸው ደግሞ ገበያ ወርደዋል። ነገ ተመለሽ።»

«አባቴ ነገን የሚያይ አይመስለኝም፣ አያ ይሁኔ» አልሁ። ይህን ስል ማልቀስ አልፈለግሁም ነበር፤ አለቀስሁ።

ዱላቸውን እያሻሹ ወደ ውስጥ መሩኝ። ዛፉ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚያቅፈው፣ ቅርፊቱ የጠቆረና የተሰነጣጠቀ ነበር። «ሁለት መዳፍ። ከሁለት መዳፍ ካለፈ እኔንም አንችንም ታስጨርሽናለሽ» አሉኝ። ወዲያው ከአጥሩ በኩል የቅጠል መሰባበር ተሰማ። «ከብት ገባ!» ብለው እየሮጡ ሄዱ።

ብቻዬን ቀረሁ። ምሳሩን አንሥቼ ፀሐይ የምትወጣበት በየት ነው ብዬ ቀና ስል ከላይ ጉምና ቅጠል ብቻ ነው። ዞርሁ፤ የመጣሁበትም ጠፋኝ። አያ ይሁኔን ልጠራ አሰብሁና ሐሳባቸውን ቢቀይሩስ ብዬ ፈራሁ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠንቃቃ ነኝ፤ ፈተና ላይ መልሱን ባውቀው እንኳ ሦስት ጊዜ አየዋለሁ። ያን ጊዜም ላለመሳሳት አንድ ዘዴ መጣልኝ። ዙሪያውን ከላጥሁት የፀሐይ መውጫዋም መግቢያዋም አይቀርም።

በክረምት ልጡ ውኃ ስለሚሞላ በቀላሉ ይላቀቃል። ሽታው የኮክ ፍሬ ሲሰበር እንደሚወጣው ያለ መራራ ሽታ ነው። እየተንበረከክሁ፣ አንድ መዳፍ ወርድ እየለካሁ፣ ዞሬ ዞሬ ከጀመርሁበት ገጠምሁት። ከሥሩ የወጣው እንጨት ነጭና እርጥብ ነበር። ከተፈቀደልኝ ማለፌን አውቄአለሁ፤ ዛፉን መግደሌን ግን አላወቅሁም። ሽበቶና ጭቃ ለቅልቄ ሸፈንሁት። አያ ይሁኔ ሲመለሱ ከረጢቱን ታቅፌ የግቢው በር ላይ ቆሜ ነበር። «ሁለት መዳፍ?» አሉኝ። «ሁለት መዳፍ» አልሁ። ከድንቼ አካፈልኋቸው፤ መርቀው ሸኙኝ።

አባቴ ጠጣ። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ቀለለው፤ የልጡ ይሁን የፈጣሪ አላውቅም። በነሐሴ መንገዱ ተከፈተና ባሕር ዳር ወስደውት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ዳነ። ለመጣ ጠያቂ ሁሉ «ሐኪም የጨረሰውን የማርያም ዛፍ ነው የጀመረው» እያለ ያወራ ነበር። የተረፈው ልጥ፣ ከወሰድሁት የሚበዛው ማለት ነው፣ ጣራ ሥር ተሰቅሎ ደረቀ።

ዝናቡ ሲያልፍ የለቀለቅሁት ጭቃ ረገፈ። ቄሰ ገበዙ የዛፉን ቁስል አዩ። ኅዳር ጽዮን ዕለት ለንግሥ ከእናቴ ጋር ሄጄ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ መስቀል ይዘው ሕዝቡ ፊት ቆሙ። በአገራችን አድራጊው ያልታወቀ በደል ሲፈጸም ቄስ ይገዝታል። ግዝት የያዘው ሰው ወጥቶ እስኪናገር ድረስ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ አይቆርብም፣ ቢሞትም ፍትሐት አይደረግለትም።

«ይህን ዛፍ የላጠ፣ ሲላጥ ያየ፣ አውቆም የደበቀ፣ ወጥቶ እስኪናገር ከዚህ ደጅ የተለየ ይሁን!»

ሕዝቡ «ይሁን» አለ። የእኔም ከንፈር አብሮ «ይሁን» አለ።

«ይሁኔ» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ «ጠባቂው አንተ ነህ። ማን ነው?»

አያ ይሁኔ በሴቶች በኩል አንድ ጊዜ ዓይናቸውን አዞሩ፤ አገኙኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባቴ። ሌላ የምናገረው የለኝም» አሉ። የሰው አፍ ተነሣ፤ «በገንዘብ ሸጦት ነው!» ያለም ነበር። እርሳቸው ወደ ጎጇቸው ገቡ፣ ጋቢያቸውንና ዱላቸውን ይዘው ወጡ፣ በሩን አልፈው ሄዱ። ሂድ ያላቸው ሰው አልነበረም።

በመንገድ ላይ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኋት። ቆመችና ክንዴን ያዘችኝ። «ዝም በይ። የጠጣው አባትሽ ነው፤ ከተናገርሽ ግዝቱ እርሱንም ይይዘዋል። ቁስሉ ገና ጥሬ ነው። ይሙት?» አለችኝ። ዝም አልሁ።

አያ ይሁኔ ከአስፋልቱ ዳር ከእኅታቸው ልጅ ቤት በተጠጋ ዳስ ውስጥ መኖር ጀመሩ። እሑድ እሑድ ሁለቱን ሰዓት በእግራቸው ሄደው ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያስቀድሱ ነበር። አንድ እግራቸውን እንኳ ወደ ውስጥ አያስገቡም። እኔም ውጭ እቆም ነበር፤ ሴት ልጅ ከበር ብትቀር ግን ማንም ለምን ብሎ አይጠይቃትም።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የሳምንት ስንቄን ተሸክሜ ወደ ፍኖተ ሰላም ስሄድ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ላልፋቸው ፈልጌ ነበር፤ እግሬ ቆመ።

«አያ ይሁኔ፣ ለምን አይናገሩብኝም?»

«ፈቅጄ የሰጠሁሽ እኔ። ደግሞስ የእኔ አፍ ቢናገርብሽ ላንች ክስ ነው እንጂ ንስሐ ይሆንሻል?»

«አባቴ ሻል ሲለው እናገራለሁ።»

«አውቃለሁ፤ የእናኑ ልጅ አይደለሽ። ብቻ አትዘግዪ። ዛፉም እኔም ሽማግሎች ነን።» ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ዘገየሁ። መጀመሪያ የአባቴ ቁስል ነበር። ቁስሉ ሲጠግግ ፈተና ደረሰ። ፈተናው ሲያልፍ ፋሲካ ነው፣ የሰውን ደስታ አላበላሽም አልሁ። በእያንዳንዱ ሰበብ ውስጥ ትንሽ እውነት ነበረ፤ እርሱ ነው ያታለለኝ። በሁለተኛው ዓመት የዛፉ ጫፍ ቢጫ ሆነ። በሦስተኛው ራሰ በራ ሆኖ ደረቀ፤ ጉሬዛዎቹም ወደ ዝግባዎቹ ተዛወሩ። እኔ የክፍሌ አንደኛ ነበርሁ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ቤት በተመለስሁበት ክረምት አያ ይሁኔን ወባ ያዛቸው። ነሐሴ ውስጥ ሞቱ። ግዝት እያለብኝ ቅጥር ግቢ እንዳታስገቡኝ ብለው ተናዝዘው ስለነበር ከአጥሩ ውጭ፣ ከበሬ መንገድ ዳር ተቀበሩ። ፍትሐትም አልተደረገላቸውም። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። ነግራኝ ስታበቃ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

አባቴ ደጅ ተቀምጦ ሞፈር ይጠርብ ነበር። እፊቱ ተንበርክኬ ነገርሁት። መጥረቢያውን አስቀመጠ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም ደስ ይለኝ ነበር። «እኔ በየሰው ቤት የዛፉን ተአምር ሳወራ፣» አለ፣ «ያ ሰውዬ እውጭ ቆሞ ነበር?»

«አዎ።»

«ተነሽ።»

ቄሰ ገበዙ ጋ ይዞኝ ሄደ። ሽማግሌው ቄስ እስክጨርስ ሰሙኝና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብሽ፣ ልጄ» አሉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል። እኔም መስቀሉን ሳነሣ ንጹሕ ሰው መታሁ።» ከዚያ ግዝቱን በሕያዋኑም በሞተውም ላይ ለመፍታት ለመስከረም ሃያ አንድ ቀን ቆረጡ።

በዚያ ቀን ብዙ ሰው መጣ። «ሸጦት ነው» ያሉትም መጥተው ነበር። ቄሶቹ ከመቃብሩ ራስጌ ቆመው ፍትሐቱን አደረሱ፤ መስቀሉን አፈሩ ላይ አሳረፉ። ወደ ውስጥ እናስገባቸው ያለ ነበር፤ መሬቱ ገና ጭቃ ስለነበረ ሳይሆን ቀረ። እኔ ሕዝቡ ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርሁ። ማንም አልሰደበኝም። አንዲት አሮጊት «ልጅ ናት» አሉ፤ ከስድብ ይልቅ ያ ከበደኝ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ አፈሩ ጎንበስ አለና፣ «ይሁኔ፣ የተጨመረልኝ ዕድሜ ካንተ የተቆረጠ ነው» አለ።

አሁን ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ፤ ማንም አይከለክለኝም። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ ጠንቃቃነቴን ያደንቃሉ፤ የቡድን ሥራ ሲኖር ጽሑፉን እንዳርም ለእኔ ይሰጡኛል። ሰው ከሞተ በኋላ የሚነገር እውነት የሚያሳርፈው ተናጋሪውን ብቻ እንደሆነ ተምሬአለሁ፤ እኔንም ቢሆን በደንብ አላሳረፈኝም። አያ ይሁኔ የጠበቁኝ በሕይወት ሳሉ በዚያ በር እንዲገቡ ነበር። የደረስሁላቸው ግን ከሞቱ በኋላ፣ መስከረም ሃያ አንድ ቀን ነው።