አረንጓዴ ክር የታሰረበት ስንቅ

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ባጃጅ ግን ገና ሚዛን ከተማ አልገባም ነበር። እኔ ወጣት የግብርና ባለሙያ ነበርኩ፤ ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። እሷ አፏን በቤንችኛ የፈታች የሚዛን ልጅ፣ የወንጌል አማኝ ናት። እኔ ደግሞ በመምህርነት ተመድቦ ከጎጃም የመጣ ሰው ልጅ፣ ኦርቶዶክስ ነኝ። በሠርጋችን ቀን ሁለቱም ቤተሰቦች ፈገግ ያሉት በግድ ነው።

የዚያ ዓመት ሁዳዴ ሲጋመስ አንድ ፈረንጅ ተመራማሪ መጣ። ከሸኮ ወደ ቴፒ ባለው ጫካ ውስጥ ማንም ሳይተክለው የበቀለውን ቡና በአበባው ወቅት ማየት ፈልጎ ነበር። ለስምንት ቀን የእግር መንገድ እኔ እንድሸኘው ተወሰነ።

ስንቁን ከአገሩ ነው ይዞ የመጣው፤ ሁለት ካርቶን ሙሉ። ምግቡን አብስለው፣ በብርድ አድርቀው፣ ውሃውን አውጥተው ያሸጉት ነው። የፈላ ውሃ ሲፈስበት ወጥ ወይም ሩዝ ሆኖ ይመለሳል። እንደ ላባ ይቀላል፤ ከረጢቱ ግን ወፍራምና በአየር የተነፋ ስለሆነ አምስቱ ብቻ አንድ የጀርባ ሻንጣ ይሞላሉ።

ቅዳሜ በረንዳችን ላይ ሰሌን ዘርግተን ወደ ቀጭን ላስቲክ ልንገለብጠው ተቀመጥን። ባለቤቴ እንደ ቆሎ ሻጮች ሻማ አበራች። ምግቡን ትገለብጣለች፣ አየሩን በመዳፏ ታስወጣለች፣ የላስቲኩን አፍ አጥፋ በነበልባሉ ጫፍ ታሳልፈዋለች። ወዲያው ይጣበቃል። ፈረንጁ በአድናቆት እያየ ሊሞክር ሲል ሁለት ላስቲክ አቃጠለ።

እሷ ግን ዓይኗ ሌላ ነገር ላይ ነበር።

«ይሄ ምን አለበት?» አለችኝ።

ጠይቄ «ዶሮ ነው» አልኳት።

«ይሄስ?»

«ሩዝና አትክልት።»

«ወተት እንደሌለበት በምን አወቀ? ጽሑፉን ያንብበው።»

አነበበ። የወተት ዱቄት አለበት። እንዲህ እያለች ሁሉንም አስነበበችው። ለጾም የሚሆነው አራት ብቻ ሆኖ ተገኘ።

«ግድ የለም፣ በሶ እይዛለሁ» አልኳት።

«ስምንት ቀን በበሶ? ወገብህ ይቆረጣል!»

ያን ዕለት ጎደሬ ቀቀለች። በስሱ ከትፋ፣ ቆርቆሮው ላይ ዘርግታ፣ እሑድና ሰኞን በፀሐይ አደረቀችው። ከዚያ ወቅጣ ከባቄላ ዱቄት፣ ከጨውና ከሚጥሚጣ ጋር ለወሰችው። የፈላ ውሃ ሲጨመርበት ገንፎ ይሆናል። የጾሙን ላስቲክ ሁሉ ከሹራቧ በተረፈ አረንጓዴ ክር አሰረች፤ እጄ እንዳይሳሳት ነው። እሷ ራሷ ሁዳዴን ጾማ አታውቅም።

ማክሰኞ ተነሣን። መንገድ የሚመሩን በዕድሜ የገፉ የሸኮ ማር ቆራጭ ነበሩ። የመጀመሪያው አራት ቀን እንደ ጨዋታ አለፈ። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቡናው ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ሽታው ልብሳችን ላይ ይቀር ነበር። ፈረንጁ በየአበባው ሥር እየተንበረከከ ይጽፋል።

በአምስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ፤ ከፊታችን ያለው ወንዝ ሞልቶ መንገዳችንን ቆረጠው። እዚያው ፈረንጁ ሆዱን ታመመ። የራሱን ምግብ በቀመሰ ቁጥር ያስመልሰዋል። ሽማግሌው ከኔ ጎደሬ ትንሽ አቅጥነው አጠጡት፤ ረጋለት።

«ያንተ አይደለም እንዴ?» አለኝ በደከመ ድምፅ።

«ሌላ አለኝ» ብዬ ዋሸሁት።

በሁለት ቀን ውስጥ የኔ ስንቅ በሙሉ በሱ አለቀ። የሽማግሌው ቆሎ ቀድሞ ስላለቀ እሳቸውም የፈረንጁን ይበሉ ነበር። እኔ አንድ ቀን በውሃ ብቻ ዋልኩ። በማግሥቱ ወንዙ ጎደል ሲል፣ በሽተኛውን ደግፈን መሻገር ነበረብን። ላነሣው ሞክሬ ሲያቅተኝ ሽማግሌው አዩኝ።

«ልጄ፣ ወንዝ የጾመና ያልጾመ አይለይም። ብላ» አሉኝ።

የዶሮውን ከፈትኩ። መብላቴ ብቻ አይደለም ያሳዘነኝ፤ ጣፈጠኝ።

ተሻገርን፤ ቴፒም ገባን። ፈረንጁ በሁለት ቀን አገገመ። የጎደሬውን አሠራር በደብተሩ ጽፎ በአውቶቡስ ሄደ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ፊቴን አይታ «ክሩ ተፈትቶ ተሳሳትክ?» አለችኝ።

«አልተሳሳትኩም። እያወቅኩ በላሁ» አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት።

በማግሥቱ ለምሳ ሽሮ አቀረበች። ለራሷም ከዚያው ነው።

«ለራስሽ እንቁላል አልጠበስሽም?»

«እስከ ፋሲካ ካንተ ጋ ነኝ።»

«አንቺ እኮ የለብሽም።»

«ምግብህን ለታመመ ሰው ሰጥተህ ነው። ለምን ብቻህን ታዝናለህ?»

እናቷ ሲሰሙ ተቆጥተው ለሳምንት ያህል ቤታችን አልመጡም። ባለቤቴ ግን ከጾሟ አልተመለሰችም። ስትጾም ራሷን ያማታል፤ በትንሽ በትልቁ ትነጫነጫለች፤ የጎረቤት ጥብስ ሲሸት መስኮት ትዘጋለች። እንዲያም ሆና ጨረሰችው።

ፋሲካ ሲነጋ ከቅዳሴ ስወጣ፣ ከቅጥሩ ውጭ ጃንጥላ ይዛ ቆማ አገኘኋት። እዚያ ደጃፍ መጥታ አታውቅም ነበር።

«እንኳን አደረሰህ» አለችኝ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አልኳት። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው የኖርኩት ቃል ነው፤ ያን ጠዋት ግን «አብሮ» የሚለውን ደግሜ አልኳት። እሷ ሳቀችብኝ፤ ጭቃውን እየዘለልን ወደ ቤት ወረድን።