ታንጉት በእንግሊዝኛ የጠየቀችው

ይህ የሆነው በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ፣ ወረታ ስምንተኛ ክፍል ስማር ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱን አይቼ ስንቱን ረሳሁ። ይኸኛው ግን ወንድሜን ባየሁ ቁጥር ይመጣብኛል።

በክፍላችን ሴቶች ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና ታንጉት። የታንጉት እናትና አባት ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ያን ጊዜ በአገራችን ሸክላ የሚሠራ ሰው «ቡዳ ነው፤ በዓይኑ ሰው ይበላል» ይባል ነበር። በእንስራው ውሃ እንቀዳለን፤ ከሠራው ሰው ጋር ግን አንድ ማዕድ አንቀርብም። እናቴ ከታንጉት ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጤን የሰማች ዕለት አንገቴ ላይ ክታብ አሰረችልኝ።

እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን ሚስተር ጆሴፍ የሚባሉ ህንዳዊ ነበሩ። አማርኛ አያውቁም። ለሚኒስትሪ ፈተና ድርሰት ያለማምዱናል። እኛ ደግሞ እንደለመድነው ዙሪያ ጥምጥም እንሄዳለን፤ ሰላምታ እናስቀድማለን፣ ተረትና ምሳሌ እንደረድራለን፣ ዋናውን ነገር ሳንለው ወረቀቱ ያልቃል። እሳቸው በቀይ ይሰርዙና «የምትሉትን መጀመሪያ በሉ። ቀጥሎ በምን እንዳወቃችሁ አሳዩ። ‹ሰው ሁሉ ይላል› ማስረጃ አይደለም» ይሉናል።

አንድ ቀን «የማትቀበሉትን አባባል አንሥታችሁ ተከራከሩ» ብለው አዘዙን። ታንጉት ተነሥታ የጻፈችውን አነበበች። ድምጿን ያን ያህል ከፍ አድርጋ ሰምቻት አላውቅም።

«ሰዎች አባቴ ሰው ይበላል ይላሉ። ውሸት ነው። አባቴ የሚበላው እንደ ሰው ሁሉ ጤፍና ዳጉሳ ነው። ሰው ሲበላ ያየው ማን ነው? በምን አወቁ?» ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው ያለችው።

ሚስተር ጆሴፍ ነገሩ ምን ያህል እውነት እንደሆነ የገባቸው አልመሰለኝም። ብቻ «ድርሰት ማለት ይህ ነው!» አሉ።

ስንወጣ «በአማርኛ ብትይው ምን አለ?» አልኳት።

«በአማርኛ አፌን ይይዘኛል» አለችኝ።

ጥቅምት ገባ። ክረምት በፎገራ ሜዳ የተኛው ውሃ ሲጎድል ወባ ይነሣል። የስድስት ዓመት ወንድሜ ባዬ ታመመ። ጤና ጣቢያ ስንወስደው የሚያክመው ድሬሰር ወባ ነው ብሎ ክኒን ሰጠን። ክኒኑን ብናውጠውም ልጁ በማግስቱ ባሰበትና ይቃዥ ጀመር። ጎረቤት ተሰበሰበ።

«ተበልቷል! እህቱ ከማን ጋር እንደምትውል አታውቁም?» አለ አንዱ።

«በምን አወቃችሁ? ድሬሰሩ ወባ ነው ብሏል እኮ!» ብዬ ጮኽሁ። አጎቴ በጥፊ አጮለኝ።

ቡዳው መጥቶ እንትፍ ካለበት በሽተኛውን ይለቀዋል ይባላል። ስለዚህ ሄደው ታንጉትን እየጎተቱ አመጧት። አባቷ ተከትለው መጡ፤ እሳቸውን ደጅ ላይ በዱላ ከበቧቸው። እሷን አልጋው አጠገብ አቁመው «ልቀቂው! እንትፍ በይበት!» አሏት። ቢጮኹባት፣ ቢገፈትሯት፣ ንቅንቅ አላለችም።

ይኸኔ እናቴ እግሯ ላይ ተደፋች። «በሞቴ ልጄ፣ ሌላ ወንድ ልጅ የለኝም» እያለች የታንጉትን ጭቃ የነካ እግር ትስም ጀመር።

ታንጉት እናቴን ቁልቁል አየቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወንድሜ ላይ እንትፍ፣ እንትፍ አለችበት።

ደጅ ተከትዬ ደረስኩባት። «ውሸት መሆኑን እያወቅሽ! ለምን አደረግሽው?»

«እናትሽ እግሬ ላይ ወደቁ። ምን ልበላቸው? በእንግሊዝኛ ልመልስላቸው?» አለችኝና አባቷን ይዛ ሄደች።

በነጋታው የባዬ ትኩሳት ለቀቀው። እናቴ እልል አለች። እኔም ደስታዬን አልችለውም ነበር፤ ግን ሰዉ የሚለውን ፈራሁ። እንደፈራሁትም ሆነ። «አያችሁ፣ ራሷ በልታ ራሷ ለቀቀችው» ተባለ። ከዚያ ወዲያ ክኒኑ ነው ያዳነው ብል የሚሰማኝ ጠፋ። ሸክላቸውን ገበያ ላይ የሚገዛ አልተገኘም፤ ቤታቸው በድንጋይ ተደበደበ። ሳምንት ሳይሞላ አገር ለቀው ሄዱ።

ሚስተር ጆሴፍ «ታንጉት የት አለች?» ብለው ጠየቁ። እኔ ተነሣሁ። ልናገር ብዬ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አልወጣልኝ አለ፤ ቆሜ አለቀስኩ።

ወደ ይፋግ ሄዱ ሲባል ሰምቼ በገበያ ቀን ሸክላ ተራውን ዞሬ ፈለግኋት። «የወረታውን ወሬ እዚህም ሰው ነግሮባቸው ከሄዱ ሰነባብቷል» አለችኝ አንዲት ሸክላ ሻጭ። ከዚያ በኋላ ወሬዋን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ባዬ ዛሬ የልጅ ልጆች አሉት። ሲሰበሰቡለት «እኔ እኮ በልጅነቴ ቡዳ በልቶኝ የዳንኩ ነኝ» እያለ ያወራላቸዋል። «ወባ ነው የያዘህ፤ ያዳነህም ክኒን ነው» እለዋለሁ። ይስቃል፤ ልጆቹም አብረውት ይስቃሉ። እኔ ተነሥቼ ወደ ጓሮ እወጣለሁ።