ያልተቆጠረው ፋኖስ

ሪካ ባሏ አብነር ከሞተ ወዲህ ዊንድሁክ ከተማ የሆቴል አንሶላ ስታጥብ ኖረች። እጇን ሳሙና በልቶት፣ ወገቧም አልታዘዝ ሲላት ወደ ማልታሆሄ፣ ወደ ባሏ አገር ተመለሰች። ከመንደሩ ርቆ፣ በረሃው ዳር አብነር የተወላት አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለቻት። ጥቂት ፍየሎችም አሏት፤ የሚያድሩት ከባሏ ታላቅ ወንድም፣ ሰው ሁሉ ኦም ማለትም አጎት ከሚለው ከሄንድሪክ ፍየሎች ጋር ቤቷ አጠገብ ባለ አንድ ጉረኖ ነው። እዚያ እንግዳ እያሳደረች ልትኖር አሰበች። ከሆነላት ትቀራለች፤ ካልሆነላት ብርዱ ሲያልፍ ወደ አንሶላው ትመለሳለች።

መጀመሪያ የደወለላት ሩበን የሚባል የኬፕታውን ፎቶ አንሺ ነበር። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሌሊት ኮከብ ሊያነሳ፣ ቀን ደግሞ ቀዩን የአሸዋ ተራራ ሊያይ ፈልጓል።

«ታንት ሪካ፣ እዚያ መብራት አለ?» አላት፤ አክስቴ ማለቱ ነው።

«ምን መብራት! ከባሌ ወንድም በቀር ጎረቤት እንኳ የለኝም።»

«እሳትም ቢሆን አንፈልግም። ትንሽ ብርሃን ካለ ሥራችን ይበላሻል።»

«ልጄ፣ እኔ ከጨለማ በቀር ምን አለኝና!»

ጨረቃ የማትኖርበትን ሰሞን መረጠችለት። ውሃ በበርሜል አስሞላች፣ ብርድ ልብስ ከመንደር ለመነች። ማታ እሳት እንዳይነድ ዳቦውንም ሥጋውንም በቀን ልታበስል አቀደች። አሸዋው የሚያምረው ጥላው ረጅም ሲሆን ነውና ጎህ ሳይቀድ ወደ ተራራው መነሳት አለባቸው። ለዚህ ደግሞ የኦም ሄንድሪክ መኪና ያስፈልጋል። ልትጠይቀው ስትሄድ በራፉ ላይ ተቀምጦ የፋኖስ መስታወት በጨርቅ ይወለውላል።

«መኪናውን ውሰጂ» አላት። «እንግዶችሽ የት ነው የሚቆሙት?»

«ከጉረኖው ጀርባ፣ ከደረቀው ግራር ሥር።»

«ታዲያ ይሄስ?» ብሎ ፋኖሱን ከፍ አደረገላት።

ሪካ ባለችበት ደረቀች። ፍየሎቹ መውለድ ከጀመሩ አንስቶ ግልገሎቹ እስኪጠነክሩ ድረስ፣ ቀበሮ እንዳይቀርብ በጉረኖው መሐል ባለው ምሰሶ ላይ ፋኖስ ሲበራ ያድራል። በሙሽርነቷ ዓመትም በርቷል፣ አብነር በሞተበት ሰሞንም በርቷል። ያንን ፋኖስ እንደ መብራት ቆጥራው አታውቅም። ለእሷ የሌሊቱ አንድ አካል ነበር።

«ለሦስት ሌሊት ብቻ ይጥፋልኝ፣ ኦም ሄንድሪክ።»

«ለቀበሮ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።»

«ቃል ሰጥቻለሁ እኮ።»

«ቃልሽን የወለደችው ፍየል አይደለች፤ ግልገሎቹን ግን ወልዳለች። ደውለሽ እውነቱን ንገሪው።»

«ከነገርኩትማ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እኔም ወደ ሳሙናዬ።»

ሽማግሌው መስታወቱን መወልወሉን ቀጠለ።

«ፋኖስ ሳይኖር እናታችሁ በምን ትጠብቅ ነበር?» አለችው።

«እዚያው ከፍየሎቹ መሐል ትተኛ ነበራ። እያሳለች።»

«እንግዲያው እኔ እተኛለሁ።»

«ሳሉንስ ከየት ታመጪዋለሽ?»

«አይስጉ፤ ከልብስ ማጠቢያው ያመጣሁት ይበቃል።»

ሳያስበው ሳቀ። «የኔ ግልገል ከተበላ?»

«ከኔ ይተኩ።»

እንግዶቹ መጡ። በመጀመሪያው ሌሊት ሪካ በጉረኖው ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባ እየሳለች፣ ፍየሎቹን በየስማቸው እየሰደበች አነጋች። በነጋታው ወጣቶቹን ተራራው ድረስ ወሰደች፤ ጎማው አሸዋ ውስጥ የሰጠመውን መኪና አብራ ገፋች፤ ተመልሳ ምግብ አበሰለች። በሁለተኛው ሌሊት እንቅልፍ ጣላት።

የቀሰቀሳት የእናት ፍየል ጩኸት ነው። ጆሮ ነጯ ግልገሏ የለችም። ኦም ሄንድሪክ መጥቶ ዱካውን አየ።

«ቀበሮውም የማን እንደሆነች ያውቃል» አለ። «የኔን አልነካም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ አልሽ፣ ጠፋልሽ።»

ከዚያ ግን ሄዶ ስኳር የበዛበት ሻይ አምጥቶ ሪካን በእጇ አስያዛት።

ሩበን ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። «ምን ሆና ነው?»

መዋሸት ራሱ ጉልበት ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ አልቆባታል። ሁሉንም ነገረችው።

«ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ትመጣ ነበር?»

«አልመጣም ነበር» አለ።

በሦስተኛው ምሽት ሩበን ራሱ ፋኖሱ እንዲበራ ለመነ። መሣሪያዎቻቸውን ተሸክመው፣ የፋኖሱ ብርሃን ወደማይደርስበት፣ ከጉረኖው ባሻገር ካለው ኮረብታ ወዲያ ወረዱ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ደረቁ ግራርም የለበትም። ያሰቡትን ሁሉ እንዳላገኙ ከፊታቸው ታየ። ሪካም ነገሩ አበቃ ብላ ቁርጧን አወቀች፤ ቢያንስ በዚያ ሌሊት ቤቷ ተኛች።

ጠዋት ዕቃቸውን ሲጭኑ ሩበን ወደ እሷ መጣ። «ታንት ሪካ፣ ፍየሎቹ ሳይወልዱ ጨረቃ የማትኖርበት ሰሞን የትኛው ነው?»

«ግንቦት መግቢያ ላይ።»

«ሰማዩ ያኔም ደህና ነው። እንመጣለን፤ ግን በዛ ብለን ነው።»

መኪናቸው አቧራውን አንስቶ ሄደ።

«ለዚያ ሁሉ ሰው ብርድ ልብስ አለሽ?» አላት ኦም ሄንድሪክ።

«የለኝም።»

«እና?»

«እስከ ግንቦት እኮ ረጅም ነው።»

እናቲቱ ፍየል ጡቷ ተወጥሮ ቆማ ትጮሃለች። ሪካ ጣሳ አንስታ አጠገቧ በርከክ አለችና አለበቻት።